የተማረከው መልእክት

ሁለቱ ወንድሞቼ በተኳረፉ በሦስተኛው ዓመት መምህር ሁለቱንም ለጦርነት ጠሯቸው። ጦርነት ስል አትደንግጡ፤ የጠረጴዛ ላይ ነው። መምህር ዕድሜያቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሩቅ አገር የተካሄደ አንድ የመድፍና የፈረስ ዘመቻ ነበር፤ እሱን ሳሎናቸው ውስጥ እንደገና ማካሄድ አማራቸው። አውራ ጣት የሚያክሉ ወታደሮችን ለዓመታት አንድ በአንድ ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል፤ የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ኮረብታው በአረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ የመጽሐፍ ክምር ነው። ጫካው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። ጠረጴዛውን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ሰማያዊ የተቀባ ሸራ ሲሆን፣ በላዩ ከክብሪት እንጨት የተሠራ አንድ ድልድይ ተጋድሞበታል።

በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ዘመቻውን በአንድ ዓመት እንጨርሳለን ተባለ። እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ስለ ጦርነት የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። "አንቺ ከሁሉም ጋር ትነጋገሪያለሽ፣ ይበቃል" አሉኝ መምህር። ሥራዬ የሆስፒታል ስልክ ማገናኘት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አሳልፋለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ቤተሰብ ዘንድም ያው ነኝ። "ለጋሼ እንዲህ በይው"፣ "ለማሙሽ እንዲህ በይው"። ደመወዝ የሌለው የሁልጊዜ ተረኛ።

ጋሼ ታላቃችን ነው፣ ሰዓት ሠሪ። ሱቁ የአባታችን ነበር። ማሙሽ ታናሻችን ነው፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ቢያደርግበትም ማሙሽ ነው፣ እስኪያረጅም ማሙሽ ነው። አባታችን በሞተ በዓመቱ ማሙሽ፣ "ጋሼ፣ ሰው ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ሆኗል፤ የጠረጴዛውን ግማሽ ለስልክ ጥገና እናድርገው" አለ። ጋሼ፣ "በአባቴ ጠረጴዛ ላይ ሙጫና ስባሪ መስታወት አላይም" አለ። ነገር ነገርን ወለደ፣ ደንበኞች ዝም ብለው ሰሙ፤ በመጨረሻ ጋሼ በሩን አሳይቶት "ሁለተኛ ና አልልህም" አለው። ማሙሽም "ሳልጠራ አልመጣም" ብሎ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ የስልክ ጥገና ከፈተ። ጋሼ ደግሞ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ከሚሉት ሰዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ በመስታወት እየተያዩ ይሠራሉ። በመሃል በዚያ መንገድ ሳልፍ እኔ ነኝ የማፍረው።

መምህር ለአንዳቸውም ሌላኛው እንደሚመጣ አልነገሩም። የመጀመሪያው እሑድ ሳሎኑ ውስጥ ሲገጣጠሙ ሁለቱም ወደ በሩ አዩ። ግን ቀድሞ የወጣ ሸሸ ሊባል ነው፤ ሁለቱም ተቀመጡ። አራተኛው ተጫዋች አንድ ሾፌር ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሳምንቱን ሙሉ ተሳፋሪ ሲሰድበው ስለሚከርም እሑድ እሱ በተራው የሚሰድበው ሰው ይፈልጋል። ዕጣ ሲወጣ ሾፌሩ ከመምህር ጋር ሆነ። ወንድሞቼ በአንድ ወገን ወደቁ፤ ጋሼ የወንዙን ወዲህኛ ክንፍ፣ ማሙሽ የወዲያኛውን።

"በዚያ ዘመን ሬዲዮ የለም" አሉ መምህር፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ጣታቸውን አንስተው። "የአንድ ወገን አዛዦች እርስ በርስ አይነጋገሩም። መልእክት ያለው ለዳኛዋ በጆሮዋ ይነግራታል። እሷ ሁሉም እያየ ባለ ስድስት ቁጥር ዳይስ ትጥላለች። አንድ ከወጣ መልእክተኛው ተማርኳል፤ ቃሉን ለጠላት ታንሾካሹካለች። ሌላ ከወጣ ለተላከለት ታደርሳለች።" የተማረከ ቃል ደግሞ የማራኪው ንብረት ነው። ሲፈልግ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ሲፈልግ እንዳለ ይልከዋል፣ ሲፈልግ ለውጦ ይልከዋል። መጀመሪያ በጽሑፍ ይሁን ተብሎ ነበር፤ የሾፌሩን ጽሕፈት እንኳን ጠላት ወዳጅም ማንበብ ስላቃተው በጆሮ ሆነ።

ሕጉ ለወንድሞቼ በልካቸው የተሰፋ ነበር። አለመነጋገር ግዴታ የሆነበት ቤት ከየት ይገኛል? እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል ብዬ።

በሁለተኛው ወር ላይ ጠላት በጋሼ ክንፍ ላይ ወረደበት። የማሙሽ ፈረሰኞች ከድልድዩ ማዶ ሥራ ፈትተው ቆመዋል። ልጅም ቢሆን "ተሻግረህ ድረስልኝ" ይላል። ጋሼ ጠራኝና በጆሮዬ፣ "ድልድዩ በዚህ በኩል ባዶ ነው በይው" አለኝ። ዳይሱ እሺ አለ፣ አደረስኩ።

"ሰምቻለሁ በይው" አለ ማሙሽ።

"ጠላት ሁለት መድፍ ጨምሯል በይው" አለ ጋሼ።

"ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ ይላል?"

ተመልሼ ለጋሼ ነገርኩት። "እኔ የማየውን ነገርኩት" አለ ወደ ኮርኒሱ እያየ። "አዛዥ አይደል? የቀረውን ራሱ ይወቀው።"

ያን ዕለት የጋሼ እግረኛ ወታደሮች ግማሹ ወደ ሳጥን ተመለሱ። ሾፌሩ እጁን እያፋተገ፣ "እንደናንተ ያለውን ጠላት አምላክ ያብዛልን" አለ። በሦስተኛውም ወር እንዲሁ ሆነ፣ ያኔ ገባኝ። ጋሼ ጨዋታው ውስጥም "ና" አይልም። ማዶ ያለውን ወንድሙን ላለመጥራት የማለውን መሐላ በአሻንጉሊት ወታደሮች ፊትም ይጠብቃል። ኮሪደር ላይ ለብቻው ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ጨዋታ ነው እኮ!"

"ቃል ጨዋታ የለውም" አለኝ ኮቱን እየደረበ።

በአምስተኛው ወር ዳይሱ አንድ ላይ ቆመና የጋሼ መልእክት በመምህር እጅ ገባ። "ከኮረብታው ጀርባ አቧራ ይታያል" የሚል ነበር። መምህር አሰቡበት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ "ኮረብታው ባዶ ነው ብለሽ አድርሺ" አሉኝ። ማሙሽ ከጠላት እጅ ያለፈ መሆኑን እያወቀ፣ "አነጋገሩ የጋሼ ነው፤ ቁርጥ ያለች ናት" አለና ከድልድዩ ዳር ከማይነቃነቁት ፈረሰኞች ጥቂቱን ከፍሎ ወደ ኮረብታው ላካቸው። ከጀርባ የተደበቁት መድፎች ጠብቀው ፈጇቸው። ማሙሽ ፊቱ ቀላ። "ከእንግዲህ ከጠላት አፍ የወጣ ቃል ብሰማ እኔ አይደለሁም" አለ። መምህር እንደ ልጅ ተደሰቱ። በአርባ ዓመት የማስተማር ሥራ ተማሪ እንደዚህ በጥሞና ሰምቷቸው አያውቅም መሰለኝ።

በሰባተኛው ወር ጋሼ አንድ ረድፍ ፈረሰኛ ሊያስጠጋ እጁን ሰደደና ረድፉ ሁሉ ተገለበጠ። "ፈረሶቹ ጠጥተዋል እንዴ?" አለ ሾፌሩ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሼ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ሥር ከትቶ የቀረውን ጨዋታ በግራው ሲጫወት አየሁት።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሱቁ ሄድኩ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንዲት ትንሽ የሴት ሰዓት ከፍቷል። በወረንጦ የያዛት ብሎን ከቦታዋ አልገባ ብላለች። ሞከረ፣ ወደቀች፣ ፈልጎ አነሳት፣ ሞከረ፣ ወደቀች። አልተናደደም። ጋሼ ሳይናደድ ሲቀር ነው የፈራሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ።"

"ሐኪም አየው?"

አይቶታል። በእኔው ሆስፒታል፣ እኔ እንዳልሰማ በኋላ በር ገብቶ ታይቷል። የነርቭ ነው፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም ብለውታል። ዘመቻው ሲያልቅ ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለቤቱ አከራዮች ሊመልስ ወስኗል። አባታችን ዕድሜውን የጨረሰበትን ሱቅ።

"ማሙሽ እኮ እዚህ ማዶ ነው ያለው" አልኩት።

"የት እንዳለማ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን አይደል?"

"ታዲያ ጥራው!"

ደግሞ የወደቀችውን ብሎን ፍለጋ አጎነበሰ።

"እኔ ልንገረዋ።"

"ስለ እጄ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ላንቺም ወንድም አይደለሁም" አለኝ። "አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም። ለማኝ አይደለሁም።"

ምን ይባላል? መንገዱን ተሻግሬ ማሙሽ ጋ ገባሁ። የእጁን ነገር በሆዴ ይዤ፣ በንዴት ጀመርኩት። "አንተ ደግሞ! ሂድና ግባ። ታናሽ አይደለህ? ታናሽ ቢያጎነብስ ወገቡ አይሰበርም።"

የተከፈተ ስልክ ላይ አጎንብሶ ነበር፣ ቀና አላለም። "እትዬ፣ ገብቼ 'ምን ፈለግህ?' ቢለኝስ? አንድ ጊዜ በሰው ፊት አባሮኛል። ሁለተኛውን አልችለውም።"

"እሱ እንዲያ አይልህም። እኔ እያልኩህ!"

"አንቺ ስትነግሪኝ የሚናገረው ያንቺ ልብ ነው፤ የሱን አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ስትሆኚ ብቻ ነው ቃሉን እንዳለ የምታመጪልኝ።"

እውነቱን ነው፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። የምለው ባጣ ስለ ጨዋታው ተቆጣሁት። "እሱስ ቢሆን! ፈረሰኞችህን ድልድይ ዳር ገትረህ ዓመቱን ሙሉ ትሸነፋለህ። መምህር በግራ በኩል ተጋልጠው ሦስት ወር ሆናቸው። ዓይን የለህም?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትሄድም?"

ስልኩን አስቀመጠ። "ቢጠራኝ ቶሎ እንድደርስ ነዋ" አለ።

ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መሀረብ ሰጡኝ፤ ለጦርነት ነው የማለቅሰው ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር?

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወሮች እንዴት እንደጨረስኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። የአንዱን ምሥጢር ይዤ፣ የሌላውን ናፍቆት ይዤ፣ በመሃላቸው "ጭጋግ ወርዷል ይላል" እያልኩ መመላለስ። አንድ ቃል ነበር የሚጎድለው። እኔ ብለው አይቆጠርም፣ ባለቤቱ ደግሞ አይለውም።

የመጨረሻው እሑድ መጣ። ጋሼ ማክሰኞ ቁልፉን ሊያስረክብ ነው፤ መደርደሪያው ግማሹ ተነቅሏል። ማሙሽ በመስታወት ያየው ዕድሳት መስሎታል። "ጋሼ ሱቁን ሊያሳምር ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ በዚያ ሰሞን። ሥራ ረፈደብኝ ብዬ ሄድኩ።

ጨዋታው እንደ ሁልጊዜው ሄደ። ሾፌሩ በመሃል ገፋ፣ መምህር በጎን ዞሩ፣ ጋሼ ወንዙ ዳር ተጣብቆ ቀረ። የቀሩት እግረኞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማሙሽ ከማዶ አገጩን በእጁ ደግፎ ድልድዩን ያያል። ጋሼ በአገጩ ጠራኝ። ሄጄ አጎነበስኩለት። ትንፋሹን ጆሮዬ ላይ እሰማዋለሁ።

"ና በይው" አለ።

"ድልድዩን ተሻገር ልበለው?" አልኩ፣ በትክክል ለማድረስ። የሥራ ልማድ ነው።

"ድልድዩን አይደለም። እጄ እምቢ አለኝ በይው። ያለሱ አልችልም በይው። ና በይው።"

ዳይሱን አነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጸለይኩበት ቅጽበት ጥቂት ነው። ጣልኩት፤ ተንከባለለ፣ የመጽሐፍ ኮረብታውን ገጨና ቆመ። አንድ።

"ተማረከ!" ሾፌሩ ጨበጨበ።

ዳይሱን ላፍ አድርጌ በመስኮት ብወረውረው በወደድኩ። ጋሼን አየሁት። ፊቱ ጥጥ መስሏል፣ ግን ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ሕግ ሕግ ነው፣ ሂጂ ማለቱ ነው። ሄድኩና በመምህር ጆሮ ቃሉን እንዳለ ነገርኳቸው፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ አልጠረጉትም፣ እጃቸው ላይ ያዙት ብቻ።

"የማረከ ጌታው ነው አይደል?" አሉኝ በቀስታ።

"ነው።"

"እንግዲያው ውሰጂለት ልጄ። እንዳለ።"

ጠረጴዛውን ዞሬ ማሙሽ ጋ ደረስኩ። "ከመምህር በኩል ያለፈ ነው" አልኩት፣ ሕጉ ያስገድደኛል፤ ከዚያ ነገርኩት። ጮክ ብዬ አይደለም፣ ግን ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ።

ማሙሽ ሰማ። አንድ ጊዜ ወደ ጋሼ ቀና ሊል ነበር፣ ተወው። ከዚያ ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ።

"ያን ጊዜስ ጋሼን አስመስለውት ነበር መምህር" አለ። "የዛሬው ግን አልተዋጣልዎትም። ጋሼ እንዲህ አይልም። እኔን ና አይለኝም።"

"ምንም አልነካሁበትም" አሉ መምህር።

"ጠላት ሌላ ምን ይላል ታዲያ?"

እጁን ዘረጋና ፈረሰኞቹን ወደ ኋላ ሳባቸው። ዓመቱን ሙሉ ያልተንቀሳቀሱት ፈረሰኞች ከድልድዩ ራቁ። እንዳልታለል ብሎ ነው። የጠበቀው ቃል መጥቶ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ውሸት ነው ብሎ በሩን ዘጋበት። ዳኛ ነኝ፤ እውነት ነው ብዬ ብምል ደግሞ ያንቺ ልብ ነው ይለኛል።

ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አወጣና በወንዙ ላይ፣ በሁላችን ፊት ዘረጋው። አልደበቀውም፣ በግራው አልያዘውም፤ እንዳሻው እንዲንቀጠቀጥ ተወው። ማሙሽ እጁን አየ። እሱም ያደገው በወረንጦና በብሎን ነው፤ ሰዓት ሠሪ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ ምን ሊሠራ እንደሚችል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

"መምህር አልዋሹህም" አለ ጋሼ። "ና።"

ሾፌሩ አፉን ከፈተ። አዛዦች ተነጋገሩ፣ ሕግ ተጣሰ ሊል ነው። እግሩን ረገጥኩት።

ማሙሽ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲመጣ ጃኬቱ የራሱን ጦር ግማሽ ጠርጎ ጣለው። የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ መንቀጥቀጡን ሊያቆመው እንደሚችል ሁሉ።

"መቼ ነው ይሄ የጀመረህ?"

"ቆይቷል።"

"እና ዝም አልከኝ?"

"አንተስ? ማዶ ቁጭ ብለህ ዝም አላልከኝም?"

"አባረኸኝ!"

"ወጣህ እንጂ!"

ተጀመረ። ሦስት ዓመት በእኔ ጆሮ ሲያልፍ የኖረ ነገር ሁሉ በቀጥታ ይወርድ ጀመር፤ የአባታችን ጠረጴዛ፣ ሙጫው፣ ደንበኞቹ ፊት የተባለው፣ ሲታመሙ ያልተጠያየቁት። ይጮኻሉ፣ እጅ ለእጅ ግን እንደተያያዙ ናቸው። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ምንም አድርሺ አላለኝም።

ጦርነቱን መምህር አሸነፉ። መሸነፉን ከወንድሞቼ አንዳቸውም ልብ ያሉ አይመስለኝም።

ማክሰኞ ቁልፉ አልተመለሰም። ጠዋት ስመጣ ጋሼ የአባታችንን ጠረጴዛ ግማሹን ራሱ ጠርጎ ለስልክ ዕቃ ለቆታል። እጁ አልዳነም፣ አይድንምም፤ ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ይንቃጨላል። ማሙሽ አባታችን ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያችን ትንሽ የሴት ሰዓት ከፍቷታል። ጋሼ ከበስተጀርባው ቆሟል። ሥራ የፈቱ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም፤ ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው፣ ደግሞ ከተታቸው። ከዛሬው ይልቅ እጁን የዘረጋበት እሑድ ሳይቀለው አልቀረም ብዬ አሰብኩ።

ማሙሽ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ሳይዞር፣ "ጋሼ" አለ። "ይቺን ሞላ በየት በኩል ነው የማስገባት?"

ማሙሽ ያን ሥራ ያወቀው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ጋሼም ይሄን ያውቃል፤ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳው ጀመር።